የጡረታ ገንዘባችን የት ይክረም?

(በአምቦ በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት ላይ በአንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የተደረገ ንግግር)

ስለ ጡረታ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ገና ደመወዝ ሳትቀምስ ጡረታ አማረህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእኛ መካከል በሚመጣው ዓመት ተመርቆ ሥራ የሚይዝ ሰው፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ከ100 ብር 7 ብር ተቀንሶ ያገኘዋል። አሠሪውም በበኩሉ 11 ብር ይጨምርበታል። እንግዲህ በየወሩ የደመወዛችን 18 በመቶ የሚያህል ገንዘብ፣ 60 ዓመት እስኪሞላን ድረስ፣ እኛ ወደማናየው ቤት ይሄዳል ማለት ነው። ታዲያ ስለዚህ ገንዘብ ለመጠየቅ የግድ ሽማግሌ መሆን ያስፈልጋልን? እንደ እኔ አስተያየት ሽማግሌው ሲጠይቅ ጊዜው አልፏል። መጠየቅ የሚገባው ገና የሚከፍለው ሰው ነው።

ዛሬ ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀመው የጡረታ ገንዘብ በግል ኩባንያዎች ላይ፣ ይኸውም አክሲዮናቸው በአደባባይ ገበያ በማይሸጥና በማይለወጥ ድርጅቶች ላይ ይዋልን ወይስ አይዋል? ፈረንጆቹ ይህን የገንዘብ ማዋያ «የግል ገበያ» ይሉታል። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 17 ታላላቅ የጡረታ ድርጅቶች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዋናው የአባሎቻቸው ገንዘብ ቢያንስ 10 በመቶውን በዚህ ገበያ ላይ ለማዋል ቃል ገብተዋል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ ወደዚሁ ገበያ እንዲገባ መንገድ የሚከፍት ትእዛዝ ፈርመዋል። እኛስ ምን እንላለን?

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አጎቴ ጥቂት ልናገር። አጎቴ በዚሁ በምዕራብ ሸዋ በአንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት 30 ዓመት በጥበቃ ሥራ አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። በወጡ ጊዜ የወር አበላቸው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይገዛላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አበሉ ጭማሪ ተደርጎበታል። ዛሬ ግን ጭማሪው ታክሎበት የዚያን ጤፍ እኩሌታ አይገዛም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ሄጄ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «ስማ ልጄ፣ አንተ የሒሳብ ትምህርት ተምረሃል። ያ 30 ዓመት የሰጠሁት ገንዘብ የት ከርሞ መጣ? ጊደር እንኳ ከርማ ስትመጣ ወልዳ ትመጣለች።» እኔም መልስ አልነበረኝም። ይህ ንግግር ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

በአገራችን በዘመናዊ ሕግ የተደራጀው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ተጠናክሮ ቆመ። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥትም 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ከዚህ ውጭ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ። አንዳንዱ አሠሪ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባል ቁጠባ ያደርግለት ነበር። የሚበዛው ግን ምንም አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 ወጥቶ የግል ድርጅት ሠራተኛውም በጡረታ ታቀፈ። እነሆ ከዚያ ወዲህ የሆለታ የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኛና የአምቦ ሆቴል አስተናጋጅ ሁሉም ከደመወዛቸው ይቆረጥባቸዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1267 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ አዋጅ ቁጥር 1268 ለግል ድርጅት ሠራተኞች በአዲስ መልክ ወጡ።

አበሉ የሚሰላበት መንገድም ሊታወቅ ይገባል። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ እንደተደነገገው 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይከፈለዋል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ነገር ግን ከ70 በመቶ አያልፍም። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል። 10,000 ብር ይከፈለው የነበረ 5,500 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው።

ወንድሞቼ፣ ይህን ስሌት ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በስሌቱ ውስጥ ገንዘቡ ስንት አተረፈ የሚል ቃል የለም። የጡረታው ድርጅት ቢያተርፍም ቢከስርም የመጀመሪያው አበል ያው ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ «ታዲያ ገንዘቡ የትም ቢከርም ለሠራተኛው ምን ቸገረው?» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ከሌለ ኑሮ ሲወደድ ለአበል ጭማሪ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? የጠፋ ገንዘብ ካለስ ማን ይተካዋል? ወይ መንግሥት ከግብር ይተካዋል፣ ወይ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ መዋጮው ይጨመርበታል። በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ደግሞ ማነው? ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው እኛ ነን።

አሁን «የት ከረመ?» ወደሚለው የአጎቴ ጥያቄ ልመለስ። የ2003 ዓ.ም. ሕግ የጡረታውን ገንዘብ በመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይና አትራፊና አስተማማኝ በሆነ ሌላ ሥራ ላይ ማዋል ይፈቅድ ነበር። በተግባር ግን ገንዘቡ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ያደረው በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው። የሰነዱ ወለድ በገበያ ጨረታ መወሰን የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ወለድ ከኑሮ ውድነቱ እጅግ ያነሰ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት 30 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። 100 ብር በ8 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በዓመቱ 108 ብር ይሆናል። ባለፈው ዓመት 100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን አሁን 130 ብር ሆኗል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ 8 ብር ያተረፈው ገንዘብ በገበያ ላይ 17 ብር ያህል ከስሮ ይገኛል። ንረቱ በዚያው መጠን ቢቀጥል የገንዘቡ የመግዛት ኃይል በአራት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ።

እንግዲህ «ግምጃ ቤት ያለ ገንዘብ አይጠፋም» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። ቁጥሩ አይጠፋም። ጤፉ ግን ይጠፋል። ሌባ ያልገባበት ጎተራ በነቀዝ እንደሚያልቅ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በዙሪያችን ያለውን ሀብት እንመልከት። በዚህ በምዕራብ ሸዋ ምድር ሰንቀሌ ላይ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታሸገው የአምቦ ውሃ አለ። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በለንደን ገበያ አክሲዮኑ ይሸጥ የነበረው ሳብሚለር የተባለው ኩባንያ ገባበት። በአዳ በርጋ ወረዳ ሙገር ላይ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ የመንግሥት ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። በዚያው ወረዳ በ2007 ዓ.ም. የናይጄሪያው ዳንጎቴ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ከፍቷል። የእነዚህ የውጭ ኩባንያዎች አክሲዮን በለንደንና በሌጎስ ገበያ ሲሸጥ ከገዢዎቹ መካከል የእነዚያ አገሮች የጡረታ ድርጅቶች ነበሩበት። ሌጎስ ያለ አንድ ጡረተኛ መምህር ከሙገር ድንጋይ ትርፍ ሊካፈል ይችላል። ድንጋዩን የሚፈልጠው የሙገር ሠራተኛ ግን የራሱ የጡረታ ገንዘብ በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ሲነቅዝበት ኖሯል። ይህን ስናገር የውጭውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። እርሱ ገንዘቡን የት እንደሚያከርም ያውቅበታል። እኛም ማወቅ አለብን ለማለት ነው።

ይህን ስል «ታዲያ ነገ ጠዋት ገንዘቡን ሁሉ አውጥተን በፋብሪካና በእርሻ ላይ እናውለው» የሚል አይጠፋም። እርሱንም እቃወማለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት የግል ገበያ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

ከሆለታ ተነሥቶ በጊንጪ በኩል ወደ ጀልዱ የሄደ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ የሞላውን ባሕር ዛፍ ያውቀዋል። ይህ ዛፍ ለአካባቢያችን እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ እንጨት ቢያልቅ አዲስ ዓለምን መናገሻ ለማድረግ አስበው ነበር። አዲስ አበባ ሳትለቀቅ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬው ችግኙን ተክሎ አምስት ስድስት ዓመት ይጠብቃል። እስከዚያ ድረስ ያወጣል እንጂ አያገባም። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ቢታመምበት ቀጫጭኑን ዛፍ ማን በደኅና ዋጋ ይገዛዋል? ያወጣበትን እንኳ አያገኝም። የዛፉ ትክክለኛ ዋጋም የሚታወቀው ነጋዴው የጭነት መኪና ይዞ የመጣ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የሚነገረው ዋጋ ሁሉ ግምት ነው።

በግል ኩባንያ ላይ የዋለ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ያህል ይታሰራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪው ከገቢው ይበልጣል። በመካከሉ ልውጣ ቢሉ መውጫው ጠባብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዋጋው በአደባባይ አለመጠራቱ ነው። በገበያ የተመዘገበ አክሲዮን ቢረክስ ሁሉም ሰው በዕለቱ ይሰማል። ያልተመዘገበው ግን ዋጋውን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያስተዳደረው ሰው ራሱ ነው። ይህ ማለት ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው ሆነ ማለት አይደለምን?

የአስተዳዳሪው ዋጋም ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ የተለመደው አሠራር ከአደራው ገንዘብ በዓመት 2 በመቶ፣ ከትርፉ ደግሞ 20 በመቶ መውሰድ ነው። 100 ብር በዓመት 15 ብር ቢያተርፍ፣ መጀመሪያ 2 ብር ይነሣል፤ ከቀረው 13 ብር አምስተኛው እጅ ይነሣል፤ ለጡረተኛው 10 ብር ከ40 ሳንቲም ይቀርለታል። ቢከስርስ? 2 ብሩ ያው ይነሣል።

ስሕተትን ከሌላው አይቶ መማር ከራስ አይቶ ከመማር ይረክሳልና፣ አንድ የአፍሪካ አገር ምሳሌ ላቅርብ። በናሚቢያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድርጅት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የልማት ገንዘብ አቋቁሞ በገበያ ላልተመዘገቡ አዳዲስ ኩባንያዎች ያከፋፍል ጀመር። ዓላማው መልካም ነበር። ከነጻነት በፊት በዘር አገዛዝ ተገፍቶ የኖረው ሕዝብ የሥራ ባለቤት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ነገር ግን የኩባንያዎቹ ማንነት በሚገባ ሳይመረመር፣ ዋስትናውም ሳይጠና ገንዘቡ ወጣ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ወደቁ። ከ600 ሚሊዮን የናሚቢያ ዶላር በላይ የሆነ የሠራተኛ ገንዘብ ጠፋ፤ ነገሩም ለረጅም ዓመታት በምርመራና በሙግት ሲነሣ ኖረ።

ናሚቢያ ግን ከዚህ በኋላ በሩን ፈጽማ አልዘጋችም። የጡረታ ድርጅቶች በገበያ ባልተመዘገቡ ኩባንያዎች ላይ ቢያንስ 1.75 በመቶ፣ ቢበዛ 3.5 በመቶ እንዲያውሉ፣ ይህንም በተመዘገቡ አስተዳዳሪዎች በኩል ብቻ እንዲያደርጉ በሕግ ወሰነች። ኬንያም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጣሪያውን 10 በመቶ አድርጋለች። ደቡብ አፍሪካ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 በመቶ ፈቅዳለች።

የጣሪያን ጥቅም ደግሞ የካናዳ መምህራን ያሳዩናል። የኦንታሪዮ መምህራን የጡረታ ድርጅት በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው። ይህ ድርጅት ኤፍቲኤክስ በተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ኩባንያ ላይ 95 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አውሎ ነበር። ኩባንያው በኅዳር 2015 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ ገንዘቡ በሙሉ ጠፋ። ምሁራን የሚያስተዳድሩት ድርጅት እንኳ ተታለለ ማለት ነው። ነገር ግን የጠፋው ገንዘብ ከድርጅቱ ሀብት ከ100 ብር 5 ሳንቲም የማይሞላ ነበር። የአንድም ጡረተኛ መምህር አበል አልተነካም። ድርጅቱም ኪሳራውን ደብቆ አላቆየም፤ ወዲያውኑ ለአባላቱ በይፋ ተናገረ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ጥፋት አይቀርም፤ ልክ ካለውና ከተነገረ ግን አይገድልም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው ከ11 ሚሊዮን አክሲዮን በታች ነው። ይህም የሚያሳየን የአደባባዩ ገበያ ገና ጨቅላ መሆኑን ነው።

እንግዲህ በለንደን ያለ ሰው «ከአደባባዩ ገበያ ልግዛ ወይስ ከግሉ?» ብሎ ሊያማርጥ ይችላል። የእኛ አገር ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። የሲሚንቶው ፋብሪካ፣ የአበባው እርሻ፣ የዱቄት ወፍጮው፣ ሆቴሉና የሚበዛው ባንክ ገና በገበያ ያልተመዘገቡ ናቸው። በእኛ አገር ከግምጃ ቤት ደጃፍ ወጥቶ በሥራ ላይ የሚውል የጡረታ ገንዘብ አብዛኛው መንገዱ በግል ገበያ በኩል ነው። ስለዚህ ለፈረንጆቹ ትርፍ ጉዳይ የሆነው የሕግና የቁጥጥር ነገር ለእኛ ዋና ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንድ የማከብራቸው መምህሬ እንዲህ አሉኝ፤ «መንግሥት በዚህ ገንዘብ መንገድና ትምህርት ቤት ይሠራበታል። ለግል ነጋዴ ከምትሰጡት ለአገር ቢውል አይሻልምን?» ለመምህሬ ያለኝ አክብሮት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ መንገድና ትምህርት ቤት የሁሉ ሰው ጥቅም ነውና በሁሉ ሰው ግብር ይሠራ ባይ ነኝ። ከዋጋ ንረት ባነሰ ወለድ ከሠራተኛው መበደር ግን በሠራተኛው ላይ ብቻ የተጣለ፣ በምክር ቤትም ያልጸደቀ ግብር ይሆናል። መንግሥት ይበደር፤ ነገር ግን ተገቢውን ወለድ ይክፈል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጣው ከጓደኛዬ ሲሆን ልቤን ይበልጥ ነክቶታል። «አዋሽ ከእኛ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወንጂንና መተሐራን ያጠጣል። የእኛም የጡረታ ገንዘብ ከዚህ ወጥቶ ሌላውን ያለማል። ለምን በአምቦና በጉደር ፋብሪካ አይከፈትበትም? ስንቱ ወጣት ሥራ ፈትቶ አስፋልት ዳር ይቆማል!» አለኝ። ወንድሜ ሆይ፣ ቁጭትህ የእኔም ቁጭት ነው። ግን የናሚቢያን ነገር አስታውስ። እዚያም ሥራ ለመፍጠር ነበር የታሰበው። ፋብሪካው አትራፊ ከሆነ የጡረታ ገንዘብ አምቦ ይምጣ፤ ደስ ይለናል። አትራፊ ካልሆነ ግን ለወጣቱ ሥራ ለመስጠት የሽማግሌውን እንጀራ መቁረስ ይሆናል። ደግሞም ወድቆ ሲዘጋ ወጣቱም ሥራውን ያጣል፤ ሽማግሌውም አበሉን።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙዎቻችን ያደግነው ዕድር ባለበት ሰፈር ነው። ስለ ግል ገበያ ከዕድር የምንማረው ብዙ ነገር አለ። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ዕድር በጠራቀመው ገንዘብ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዝቶ ያከራያል። ኋላም መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ሱቅ ሠርቶ አከራይቷል። ይህ እኮ በገበያ ባልተመዘገበ ንብረት ላይ ገንዘብ ማዋል ነው። ለምን አልከሰረም? አንደኛ፣ ለቀብር የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለይቶ ሳያስቀምጥ አንድ ወንበር አልገዛም። ሁለተኛ፣ ሱቁ እንዲሠራ የወሰነው ዳኛው ብቻውን ሳይሆን ጉባኤው ነው። ሦስተኛ፣ በየወሩ እሑድ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ገቢውንና ወጪውን ጮክ ብሎ ያነባል። አንዲት ባልቴት ተነሥተው «ባለፈው ወር 40 ወንበር ነበረ፤ አሁን 38 አልህ፤ ሁለቱ የት ገቡ?» ብለው ሲጠይቁ በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ገንዘብ ያዡም መልስ ሰጠ። የግል ገበያ የሚጎድለው ይህች ባልቴት ናት።

ስለዚህ አራት ነገር ለውይይት አቀርባለሁ።

1ኛ. ልክ ይኑረው። የጡረታ ገንዘብ በግል ኩባንያዎች ላይ ይዋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ከ100 ብር ከ3 እስከ 5 ብር ባልበለጠ፣ በአንድ ኩባንያ ላይ ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ይሁን። ለሚመጡት 10 ዓመታት አበል መክፈያ የሚሆነው ገንዘብ ከቶ አይነካ። ዕድሩ የቀብሩን ገንዘብ እንደሚለይ ማለት ነው።

2ኛ. መራጩ ከአዛዡ ይለይ። ገንዘቡ የሚውልበትን ኩባንያ የሚመርጡት በሙያቸው የተመሰከረላቸውና ለምርጫቸው የሚጠየቁ ሰዎች ይሁኑ። ከየትኛውም መሥሪያ ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ ወይም በሚደወል ስልክ ለአንድ ኩባንያ የሠራተኛ ገንዘብ አይሰጥ።

3ኛ. ዋጋው በሌላ ሰው ይገመት፤ መዝገቡም ይገለጥ። በየዓመቱ የእያንዳንዱ ኩባንያ ስም፣ የዋለበት ገንዘብ፣ ዛሬ የተገመተው ዋጋ፣ ማን እንደገመተውና ለአስተዳዳሪው የተከፈለው ክፍያ ተጽፎ ይውጣ። ጽሑፉም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ይሁን። በሆለታ እርሻ በር፣ በሙገር ፋብሪካ ሰሌዳ፣ በአምቦ ሆስፒታል ግድግዳ ይለጠፍ።

4ኛ. ባለገንዘቡ ወንበር ይኑረው። ስለ ገንዘቡ በሚወሰንበት ጉባኤ ላይ ሠራተኞችና ጡረተኞች ራሳቸው የመረጧቸው፣ ለመረጧቸውም ተመልሰው የሚናገሩ እንደራሴዎች ይቀመጡ።

ከእነዚህ አንዱ ቢጎድልስ? ሦስተኛው ከጎደለ ሌሎቹ ሦስቱ ዋጋ የላቸውም ለማለት እደፍራለሁ። ዋጋው በአደባባይ በማይጠራበት ገበያ ውስጥ ባለገንዘቡ ያለው ዓይን መዝገቡ ብቻ ነው። መዝገቡ ከተዘጋ 3 በመቶም ብዙ ነው። መዝገቡ ከተገለጠ ግን ከዓመት ዓመት ትምህርት እየቀሰምን ልኩን ከፍ ማድረግ እንችላለን።

ክቡራን መምህራን፣ ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ ለእኛ ለተማሪዎቹም የቤት ሥራ አለን። ከመካከላችን አንዱ ነገ የፋብሪካ ሒሳብ ሹም ይሆናል፤ ሌላው የባንክ ሠራተኛ፣ ሌላዋ የሕግ ባለሙያ፣ ሌላዋም መምህርት ትሆናለች። የሁላችንም የደመወዝ ወረቀት ላይ ያች 7 በመቶ ትኖራለች። ወረቀቱን ስንቀበል ወደ ታች ወርደን የተጣራውን ብቻ ከማየት እንድን። የተቀነሰውንም እንይ፤ የት እንደሄደም እንጠይቅ። መጠየቅ ያልለመደ ባለገንዘብ በግምጃ ቤትም በግል ገበያም ያው ይነቅዝበታል።

ለአጎቴ የሚሆን ሙሉ መልስ ዛሬም የለኝም። በሚመጣው ክረምት እሳቱ ዳር ስንቀመጥ ግን «ጊደርዎ ያልወለደችው ጠባቂ ብቻ እንጂ ጠያቂ ስላልነበራት ነው» እላቸዋለሁ። እርሳቸው 30 ዓመት የሰው ንብረት ጠብቀዋልና ነገሩ ይገባቸዋል።

ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ጓደኛ እጁን ያንሣ።